ጳጉሜ አሥራ ሦስት

«እስቲ ንገሪኝ፤ ጳጉሜ አሥራ ሦስት የሚባል ቀን አለ?»

አቶ ዋሲሁን ይህን የጠየቁት ቆመው ነው። የክሊኒኩ ባለቤት ናቸው፤ ሲቆጡ አይጮኹም፣ ከወንበራቸው ይነሣሉ። ሩሐማ በድንጋጤ ቀና ብላ አየቻቸው። የደነገጠችው መልሱ ጠፍቷት አይደለም። መልሱንማ የጭሮ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል፤ ጳጉሜ አምስት ቀን ናት፣ በአራት ዓመት አንዴ ስድስት። ያስደነገጣት ቁጥሩ ነው። ይህን ቁጥር በሕይወቷ ጮክ ብላ የተናገረችው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ የዛሬ ወር፣ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ በላይ ባለው ክፍል፣ አሥራ ስምንት ሰው ፊት።

«የለም» አለች።

«የለም። አንቺ ግን አርባ አንድ ነፍሰ ጡር ለሌለ ቀን ቀጥረሽልኛል።»

«አስተካክዬዋለሁ ጋሽ ዋሲሁን። ለሁሉም ደውዬ...»

«መደወልሽን ሰምቻለሁ። ያልሰማሁት ካንቺ ነው።»

ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የንግድ ፈቃድ ታነብ ጀመር።

«ስህተት ማንም ይሠራል» አሉ አቶ ዋሲሁን፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሐኪም ቀጥሬ ሳሠራ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ ስንቱን አይቻለሁ። የሚደብቀኝን ሰው ግን አላሠራም። ገለምሶና ሚኤሶ የምንከፍታቸውን ቅርንጫፎች ማቲዎስ ይይዛቸዋል። የዚህኛውንም ፓስወርድ እስከ ሰኞ አስረክቢው።»

«ማቲዎስ ነው የነገረዎት?»

«ማንም ይንገረኝ። ውሸት ነው?»

«አይደለም።»

«በቃ እንግዲህ» ብለው ተቀመጡ። መቀመጣቸው ነገሩ ማለቁ ነው።

ኮሪደሩ ላይ አዋላጅ ነርሷ ሲስተር የሺሐረግ ጓንቷን ሳታወልቅ ቆማ ትጠብቃት ነበር።

«ስሜን አነሣሽ?»

«አላነሣሁም።»

«ልጆች እንዳሉኝ ታውቂያለሽ።»

«አላነሣሁም አልኩሽ እኮ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ለክሊኒኩ የእርግዝና ክትትል ቀጠሮ የሚይዘውን ፕሮግራም የሠራችው ሩሐማ ናት። ከቦኬና ከገለምሶ የሚመጡት ሴቶች ካርድ ስለሚጠፋባቸው፣ ታይተው ሲወጡ ቀን አይጻፍላቸውም። «መልእክት ይደርስሻል» ይባላሉ፤ ከቀጠሮው አንድ ቀን በፊት በአማርኛና በኦሮምኛ አጭር መልእክት ስልካቸው ላይ ይገባል። አቶ ዋሲሁን በየስብሰባው የሚኩራሩበት ነገር ነበር። ፕሮግራሙ ሥራ የጀመረው ባለፈው ታኅሣሥ ነው፤ ሩሐማ ኮዱን ስትጽፍ ጳጉሜ ገና ሩቅ ነበረች። ለጊዜው ብላ አሥራ ሦስቱንም ወር እኩል ሠላሳ ሠላሳ ቀን ሰጠቻቸው። በኋላ እመለስበታለሁ አለች፤ ሳትመለስበት ቀረች። በዚህ አገር «ለጊዜው» ተብሎ የተሠራው ሁሉ ቢፈርስ የሚቆም ነገር መኖሩን እንጃ።

ነሐሴ ላይ የአራት ሳምንት ቀጠሮ የተሰጣቸው ሴቶች ፕሮግራሙ ውስጥ ጳጉሜ ስምንት፣ ጳጉሜ አሥራ ሦስት፣ ጳጉሜ ሃያ እየተባሉ ተቀመጡ። ፕሮግራሙም ታማኝ ነውና ቀኑ እስኪደርስ ጠበቀ። ቀኑ የማይመጣ በመሆኑ መልእክቱም አልሄደም።

ሩሐማ ይህን ያየችው መስከረም አሥራ አንድ ቀን ነው። ከሲስተር የሺሐረግ ጋር ስም ዝርዝሩን ተካፍለው ሁለት ቀን ሙሉ ደወሉ። አብዛኞቹ ደህና ነበሩ። ጳጉሜ አሥራ ሦስት ላይ የተቀመጡት የቦኬዋ ወይዘሮ ሞሚና ግን ስልኩን ያነሡት ሆስፒታል ተኝተው ነው። እግራቸው አብጦ፣ ራሳቸውን እየፈለጣቸው ሦስት ቀን ቤት ከቆዩ በኋላ በአምቡላንስ ተወስደዋል። እሳቸውም ልጁም ተርፈዋል፤ ግን ለጥቂት።

«ለምን ቀደም ብለው አልመጡም?» ብላ ጠየቀቻቸው ሩሐማ።

«ኢንተላ ቲያ» አሏት፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ «ስልኩ ዝም ሲል ጊዜ፣ ደህና ነሽ ማለቱ ነው ብዬ ተቀመጥኩ።»

ሩሐማ ያን ቀን ለባለቤቱ ልትናገር ተነሥታ ነበር። ሲስተር የሺሐረግ ናት ክንዷን የያዘቻት። «ተይ፣ እኔንም ያባርሩኛል። ቀጠሮ የቀሩትን ማየት የኔ ሥራ ነበር» አለቻት። ሩሐማም ተወችው። ለየሺሐረግ ስትል ነው የተወችው ማለት ያምራል፤ እውነቱ ግን ራሷም ፈርታ ነበር። ከመጪው ታኅሣሥ ጀምሮ ቋሚ እንደምትሆን ተነግሯታል፤ የገለምሶውም የሚኤሶውም ቅርንጫፍ ሥራ በእጇ ነው፤ የደመወዙ ጭማሪ ገና ሳይመጣ ለቤቱ ጣሪያ ቆርቆሮ መቀየሪያ ታስቧል። ማን እንዲህ ያለ ነገር ይዞ አፉን ይከፍታል? ደብቃው መኖር ግን አልቻለችም። ጥቅምት ላይ በማኅበሩ ስብሰባ ተናገረችው።

ማኅበር ይባል እንጂ ጽዋም ዳቦም የለውም። የጭሮና የአካባቢዋ ፕሮግራመሮች በወር አንድ ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ በላይ ባለው የአቶ መኮንን የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ክፍል ይገናኛሉ፤ አንዱ ያወቀውን ለሌላው ይናገራል። ስምንት ሰዓት ደግሞ ጭሮ ውስጥ የበርጫ፣ የጫት መቃሚያ ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ሰውን ከፍራሹ አስነሥቶ ስለ ዳታቤዝ እንዲሰማ ማድረግ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ሩሐማ ግን ሦስት ዓመት አድርጋዋለች። ጉንጩን ወጥሮ የመጣም ካለ አላባረረችም፣ ጥያቄ ሲጠይቅ ብቻ ዋጥ እንዲያደርገው ትነግረዋለች።

መጀመሪያ ሰሞን የሚመጣው ሁሉ ሊመጻደቅ ነበር የሚመጣው። ሁሉም ሊቅ፣ ሁሉም የተሳካለት። እንዲህ ባለ ሰው መካከል ማን ደፍሮ አልገባኝም ይላል? አንድ ቅዳሜ ሩሐማ ተነሣችና «በዚህ ወር ያበላሸሁትን ልንገራችሁ» አለች። ከዚያ ወዲህ ሥርዓት ሆነ። ንግግሩ ከመጀመሩ በፊት ሁሉም በየተራ እየተነሣ የወሩን ስህተቱን ይናገራል። አይሳቅበትም፣ አይገሠጽም፤ መርዳት የሚችል ይረዳዋል። እዚህ የተነገረ እዚህ ይቀራል። አንድ መምህር የተማሪዎቹን ውጤት በሙሉ ማጥፋቱን የተናገረ ቀን አምስት ሰው ተረባርቦ እስከ ማግስቱ መለሰለት። ሰው ከሂርናና ከገለምሶ በሚኒባስ ታጭቆ የሚመጣው ለንግግሩ አልነበረም፤ ንግግሩማ ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል። የሚመጣው ለዚህ ነበር።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ። ሩሐማ አልጠረጠረችም።

ቤቷ ስትደርስ እናቷ ወይዘሮ እቴነሽ ምሳ አቅርበው ጠበቋት። ፊቷን አይተው ነገሩን አውጣጧት።

«ማን ነው ያወራብሽ?»

«ማቲዎስ።»

«የኛው ማቲዎስ?»

«የኛው።»

ማቲዎስ በአቶ መኮንን ዘንድ መተየብ ሲማር የነበረ ልጅ ነው። ፕሮግራም መጻፍ ያስተማረችው ሩሐማ ናት፤ በራሷ ላፕቶፕ፣ በዚሁ ቤት፣ ሁለት ዓመት። ወይዘሮ እቴነሽም ምሳውን አብልተውታል፤ በጾም ሽሮ፣ በፍስክ ያገኙትን።

«እኔ የማይገባኝ ነገር አለ» አሉ ወይዘሮ እቴነሽ። «ሰው ኃጢአቱን ለነፍስ አባቱ ይናዘዛል። የነፍስ አባት የሰማውን ቢያወራ ከክህነቱ ይሻራል። ያንቺዎቹ ቢያወሩ ከምንድን ነው የሚሻሩት?»

ከቴሌግራም ግሩፕ ልትላቸው አማራትና ተወችው።

«ዛሬ ደግሞ ስብሰባ አለሽ አይደል? እንዳትሄጂ።»

«ሰብሳቢዋ እኔ ነኝ እማዬ።»

«እሱም ይመጣል?»

«የዛሬው ተናጋሪ እሱ ነው።»

ወይዘሮ እቴነሽ እጃቸውን ከሰሐኑ አነሡ። «አይ የኔ ልጅ» አሉ።

የንግግሩ ርእስ «የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር በፕሮግራም ውስጥ፤ የተለመዱ ስህተቶች» የሚል ነበር። ማቲዎስ ከሁለት ሳምንት በፊት ሲልክላት ደስ ብሏት የልብ ምልክት መልሳለታለች። ከኔ ስህተት ሰው ተማረ ብላ ነበር።

ስምንት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲል ፎቅ ወጣች። ማቲዎስ ቀድሟት ደርሶ የፕሮጀክተሩን ገመድ እየቀጠለ ነበር። ከሁለቱ በቀር ማንም የለም። አዲስ ሸሚዝ ለብሷል።

«ሩሕ! ቀደምሽኝ ብዬ ስሮጥ...»

«ነገርካቸው?»

«ምኑን?»

«አታድርገው ማቲ። ምኑን አትበለኝ።»

ገመዱን አስቀመጠ። ለመካድ አልሞከረም፤ ቢክድ ይሻላት ነበር።

«ጠየቁኝ» አለ። «ያንቺን ሲስተም እየው፣ ገለምሶ ላይ ብንተክለው ይሠራል ወይ አሉኝ። ምን ልበላቸው? እርጉዝ ሴቶች እኮ ናቸው አቦ። ልደብቅ?»

«ተስተካክሏል። መስተካከሉን ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ። እሱንም ነግሬያቸዋለሁ።»

«መጀመሪያ ለኔ መምጣት አቃተህ? ሩሐማ፣ ተናገሪ፣ ካልተናገርሽ እናገራለሁ ማለት አቃተህ?»

«አንቺስ?» አለ፣ ድምፁ ትንሽ ከፍ ብሎ። «አንቺ ለሰውዬው በጊዜ ብትነግሪያቸው ኖሮ እኔ የምናገረው ይኖር ነበር? ለአሥራ ስምንት ሰው ነገርሽ፣ ለሚመለከተው ሰው ግን አልነገርሽም።»

ይህ ልክ ነበር። ልክ መሆኑ ነው ደሟን ያፈላው። ሌባ እጅህን ታጠብ ሲልህ እጅህ እውነትም ቆሽሾ መገኘቱን የመሰለ ነገር የለም።

«እሺ፣ ልክ ነህ» አለች። «አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ። የነገርካቸው ሥራውን ሳትጠይቅ ነው ወይስ ከጠየቅህ በኋላ?»

ማቲዎስ ወደ ፕሮጀክተሩ ዞረ። ቁልፉን ተጫነው፤ ሰማያዊ ብርሃን ግድግዳው ላይ በራ። ምስሉን ለማጥራት ሌንሱን አሁንም አሁንም ያዞረዋል።

«ወንበር ይጎድላል መሰለኝ፤ ከታች ላምጣ» ብሎ ወጣ። ወንበር አልጎደለም።

ሃያ ሁለት ሰው መጣ፤ ከወትሮው ይበልጣል። አቶ መኮንን እንደልማዳቸው ከኋላ በር አጠገብ ተቀመጡ። ሩሐማ ፊት ለፊት ቆመች። አብዛኞቹ ዓይኗን እንደማያዩአት አስተዋለች። ባንክ ቤት የሚሠራው ዳግማዊ ስልኩን ያያል፤ ሌላው ጫማውን። ጭሮ ትንሽ ከተማ ናት፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ክሊኒክ ውስጥ የተባለ ነገር ስድስት ሰዓት ላይ መናኸሪያ ደርሷል። ሁሉም ሰምቷል። ማን እንዳወራም ያውቃል። ግን አንድም ሰው ተነሥቶ «ማቲዎስ፣ ይህ ነውር ነው» አላለም። ያንን ስትጠብቅ እንደነበር ራሷም ያወቀችው ሳይመጣ ሲቀር ነው።

«እንኳን ደህና መጣችሁ» አለች። «እንደተለመደው በወሩ ስህተት እንጀምራለን። ዳግማዊ፣ ካንተ እንነሣ።»

ዳግማዊ ተነሣ። ባለፈው ሐምሌ በሠራው ስህተት የአንድ ከተማ ሕዝብ ግማሽ ቀን ገንዘብ ማውጣት እንዳልቻለ በዚሁ ክፍል እያላበው የተናገረ ሰው ነው።

«በዚህ ወር... ደህና ነኝ፤ ስህተት የለብኝም» አለና ተቀመጠ።

«ምንም?»

«ምንም። እግዚአብሔር ይመስገን።»

ቀጣዩ አንድ ነጠላ ሰረዝ ረስቶ ሩብ ሰዓት እንደፈለገ ተናገረ። ሦስተኛው ፋይሉን ሌላ ፎልደር ውስጥ አስቀምጦ እንደነበር። አራተኛው ጠዋት ላይ ዘግይቶ መነሣቱን ተናገረ፤ ሰው ሳቀ። በዚህ ክፍል በስህተት ሲሳቅ የመጀመሪያው ነው፤ ግን ያልሆነ ስህተት ስለነበር ማንም አልተቀየመም። እንዲህ እያለ ዞረ። ሃያ ምናምን ሰው አንድ ወር ሙሉ ኮድ ሲጽፍ ኖሮ ሁሉም ጻድቅ ሆኖ ተገኘ! ሩሐማ እያንዳንዱን «እሺ፣ እናመሰግናለን» እያለች ታስቀምጣለች። ሦስት ዓመት የገነባችው ነገር ዓይኗ እያየ በሃያ ደቂቃ አለቀ፤ ማንም አልጮኸ፣ ማንም አልተጣላ።

«የኔማ» አለ ማቲዎስ ተራው ሲደርስ፣ ፈገግ ብሎ፣ «ባለፈው ሳምንት ገለምሶ ለሥራ ስሄድ የላፕቶፔን ቻርጀር እዚህ ረስቼ ሄድኩ። ሁለት ቀን ከሰው ስለምን ከረምኩ።»

ሳቁ። ሩሐማ አልሳቀችም። ባለፈው ሳምንት አለ። እሷ ዛሬ ጠዋት ከመባረሯ በፊት ቦታዋ ሄዶ ሲለካ፣ ሲያስቀይስ ነበር ማለት ነው። ባለፈው ረቡዕ ደግሞ ደውሎላት ነበር፤ ከሌላ ከተማ እየደወለ እንደሆነ ሳይነግራት ስለ ንግግሩ ምክር ጠይቋታል። እሷም ሰዓት ሰጥታ መክራዋለች።

የመጨረሻው ተራ በመስኮቱ በኩል የተቀመጠች አዲስ ሴት ነበረች። ሃያ አራት ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ሻሿን በጥንቃቄ አስራለች። ስትነሣ ወንበሩን ጎተተችው፣ ድምፁ ክፍሉን ሞላው።

«ሰላም። ኢንሳፍ እባላለሁ። ከሚኤሶ ነው የመጣሁት፤ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው» አለች። ጉሮሮዋን ጠረገች። «እዚያ አንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ የእህል ተቀባዮችን ስም ዝርዝር የምይዘው እኔ ነኝ። እና ባለፈው ወር...»

ድምፅዋ ሲንቀጠቀጥ ሩሐማ ወዲያው አወቀችው። የእውነት ስህተት እንዲህ ነው የሚጀምረው። የሌሎቹንም አየች። ስልኩን ሲያይ የነበረው ቀና አለ። ዳግማዊ አንገቱን አዞረ። ማቲዎስ ፊት ወንበር ላይ ሆኖ ወንበሩን ጭምር አዞረና ክንዱን አጣጥፎ ልጅቷን ከላይ እስከ ታች ተመለከታት። ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ሁሉንም በስማቸው ታውቃቸዋለች። ግን ሚኤሶ ሩቅ አይደለም፣ እርዳታ ድርጅት ደግሞ ኮምፒውተር የሚችል ሰው ሁልጊዜ ይፈልጋል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

«ኢንሳፍ፣ ይቅርታ» አለች ሩሐማ። «ሰዓት ሄዶብናል።»

ልጅቷ አፏን እንደከፈተች ቀረች። «አጭር ነው፣ ወላሂ አንድ ደቂቃ...»

«ቁጭ በዪ። ማቲዎስ፣ ቀጥል።»

ሰዓቱ ስምንት ተኩል እንኳ አልሞላም ነበር። አቶ መኮንን ከኋላ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አዩ፣ ሩሐማን አዩ። ኢንሳፍ አንገቷን ደፍታ ተቀመጠች።

ማቲዎስ ጥሩ ተናገረ። ይህንንም መካድ አይቻልም። ጳጉሜን በጥንቃቄ አስረዳ፣ ዘመነ ሉቃስን አስረዳ፤ «አንድ የማውቀው ፕሮግራመር» እያለ፣ ስም ሳይጠራ፣ የሩሐማን ኮድ ግድግዳው ላይ አሳየ። እሷው ናት በጥቅምት ሁሉም እንዲማርበት ብላ ግሩፑ ላይ የለጠፈችው። ሲጨርስ አጨበጨቡለት። ሩሐማም አጨበጨበች፤ ሰብሳቢ ናት፣ ምን ታድርግ?

ሰው ተበትኖ ወንበር ስታስተካክል ቆይታ ስትወርድ ኢንሳፍ ደረጃው ላይ ቆማ አገኘቻት።

«እህቴ፣ አስቀየምኩሽ እንዴ?»

«አላስቀየምሽኝም።»

«ይነገራል ብለሽ ቴሌግራም ላይ ጽፈሻል። ያንን አንብቤ ነው የመጣሁት። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ እዚህ የተነገረ እዚህ ይቀራል ይላል። ሌላ ሰው የለኝም የምነግረው።»

ሩሐማ ወደ ላይ፣ ወደ ታች አየች። ደረጃው ላይ ማንም አልነበረም። «ንገሪኝ እሺ» አለች።

ኢንሳፍ በአንድ ትንፋሽ ተናገረችው። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ተመዝግቦ እህል እንዳይወስድ፣ የተደጋገመ ስም የሚያጠፋ ነገር ጻፈች። ስም ከነአባት ከነአያት አንድ ከሆነ አንዱን ያስቀራል፣ ሌላውን ይሰርዛል።

«እኛ ጋ ግን መሐመድ አህመድ ኡመር ስንት እንዳለ ታውቂያለሽ? አንድ ቀበሌ ውስጥ ብቻ አራት አሉ። ስድሳ ሦስት አባወራ ጠፋ። በጥቅምቱ እደላ ላይ ስማችሁ የለም ተብለው ተመለሱ። አንድ ሽማግሌ ሦስት ቀን ተመላለሱ፤ በመስኮት በኩል ‹ስምዎ የለም አባባ› ያልኳቸው እኔው ነኝ። ምክንያቱን ያወቅሁት በኋላ ነው።»

«የዝናቡ ነገር እዚያ እንዴት ነው?»

«አልዘነበም። ማሽላው ቆሞ ደርቋል።»

ሩሐማ የደረጃውን ብረት ያዘች። «አሮጌው ዝርዝር አለሽ?»

«አለ።»

«በስም ብቻ አታወዳድሪ። የቀበሌ ቁጥር ጨምሪበት፣ የሚስት ስም ጨምሪበት፣ ስልክ ካለ ስልክ። ሦስቱም አንድ ከሆነ ብቻ ለይተሽ አውጪ፤ አትሰርዢ፣ ሰው ይየው። የኅዳሩ መቼ ነው የሚታደለው?»

«ማክሰኞ።»

«ይደርሳል። የግማሽ ቀን ሥራ ነው።»

«እሱንስ እኔም አላጣውም» አለች ኢንሳፍ። «ያስቸገረኝ የጥቅምቱ ነው። ያልወሰዱት እህል እስካሁን መጋዘን ውስጥ አለ። ለአለቃዬ ብነግረው ይሰጣቸዋል። ካልነገርኩት ግን ትርፍ ነው ተብሎ በወሩ መጨረሻ ወደ ሌላ ወረዳ ይጫናል። ልንገረው?»

ንገሪው የሚለው ቃል ሩሐማ ምላስ ላይ ደርሶ ነበር። ዛሬ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ይህ ጥያቄ ቢቀርብላት፣ ጥያቄው ሳያልቅ ትመልሰው ነበር። ስድሳ ሦስት አባወራ፣ በእያንዳንዱ ቤት አምስት ስድስት አፍ ቢኖር ስንት ሰው እንደሚሆን ማስላት አይከብዳትም፤ ሥራዋ ነው። ግን አቶ ዋሲሁን ሲቀመጡ፣ ማቲዎስ ሌንሱን ሲያዞር፣ ያ ሁሉ ሰው ጫማውን ሲያይ ታየት። ይህችን ልጅ ነገ ማን ያስጠጋታል?

«ቋሚ ነሽ ኮንትራት?» ብላ ጠየቀቻት።

«ኮንትራት። እስከ ሰኔ።»

«ቤት ውስጥ ሌላ የሚሠራ አለ?»

«የለም። እናቴና ታናናሾቼ ናቸው፤ እኔን ነው የሚያዩት።»

ከታች የፎቶ ኮፒው ማሽን ይሰማል።

«የማክሰኞውን አስተካክለሽ ላኪ» አለች በመጨረሻ። «ያለፈውን ለማንም አትንገሪ። ለኔም አልነገርሽኝም።»

ኢንሳፍ ትንሽ ቆማ ፊቷን አየቻት። ከዚያ እጇን በሁለት እጆቿ ያዘችው።

«አላህ ይስጥሽ፣ ወላሂ ቀለለኝ» አለቻትና የሚኤሶ መኪና ሳያመልጣት ወደ መናኸሪያው ሮጠች።